መቆለፊያው እስኪሠራ መጠበቅ፦ በፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ላይ ያጋጠመን አንድ ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

እኛው ላብ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ወራት የለፋችበት ሙከራ እምቢ አላት። አፋኙ ፕሮቲን አለ፣ የሚታፈነው አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጂን መልእክት) አለ፣ መታፈን፣ ማለትም መልእክቱ ወደ ፕሮቲን እንዳይተረጎም መከልከል፣ ግን የለም። ሁላችንም ምክር ሰጠናት፤ አብዛኛው ምክር አልሠራም። ሲፈታ ምክንያቱ አጭር ነበር፣ እዚያ ለመድረስ የሄድንበት መንገድ ግን ረጅም ነው። እኔ መጻፍ የፈለግሁት መንገዱን ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ምን አየን፣ ምን ገመትን፣ የትኛው ግምት የት ላይ ወደቀ፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ዳራ፦ ያለና የማይነበብ መልእክት

የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። እናትየው ስትጥለው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልገውን መልእክተኛ አርኤንኤ ሞልታበት ነው። ፅንሱ የራሱን ጂኖች በስፋት ማንበብ የሚጀምረው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ኒውክሊየሶቹ 13 ጊዜ ይከፈላሉ፤ በመካከላቸው ግን የሴል ሽፋን የለም፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጭንቅላት በየት በኩል ይሁን፣ ሆድ በየት በኩል ይሁን የሚለው ጉዳይ በዋናነት የሚወሰነው አዲስ አርኤንኤ በመጻፍ አይደለም። እናትየው ያስቀመጠችው አርኤንኤ የት ቦታ ወደ ፕሮቲን ይተርጎም፣ የት ቦታ ይታፈን በሚለው ነው።

ናኖስን እንውሰድ። ናኖስ ፕሮቲን የሚፈለገው በፅንሱ የኋላ ጫፍ ነው፤ ሆድ የሚሠራው እሱ ሲኖር ነው። አርኤንኤው ግን እንዲህ በሥርዓት አልተቀመጠም። ከጠቅላላው የኋላ ጫፍ ላይ የሚሰበሰበው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ በፅንሱ ውስጥ ተበትኗል። ያ የተበተነው ቢተረጎም ጉድ ይፈላል። ናኖስ ከፊት በኩል እንዲመረት የተደረገባቸው ፅንሶች 1992 ላይ ታይተዋል፤ ጭንቅላት ቀርቶ በሁለቱም ጫፍ ሆድ ነው ያወጡት።

ያን ሁሉ የተበተነ አርኤንኤ የሚያፍነው ስማግ የሚባል ፕሮቲን ነው። የናኖስ አርኤንኤ የፕሮቲኑ መመሪያ ካለቀ በኋላ ባለው ክፍሉ ላይ ሁለት ቦታ በራሱ ላይ ይታጠፍና የፀጉር ማስያዣ የመሰለ ቅርጽ ይሠራል። ስማግ የሚይዘው የዚህን ቅርጽ አናት ነው። ብቻውን ግን አይሠራም። ካፕ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይጠራል። ካፕ ደግሞ በአርኤንኤው መነሻ ላይ ያለውን ቆብ የያዘውን ኢአይኤፍ-4ኢ የተባለ ፕሮቲን ይዞ፣ ኢአይኤፍ-4ጂ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንዳይጠጋው ያደርጋል። 4ጂ ካልተጠጋ ራይቦሶም (አርኤንኤን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን) አይጠራም። ከዚህ ሌላ ስማግ ሲሲአር4-ኖት የተባለውን የፕሮቲኖች ስብስብ ጠርቶ የአርኤንኤውን የኤ ጅራት (መጨረሻው ላይ የተደረደሩትን የኤ ፊደሎች) ያስቆርጣል። ጅራቱ ያጠረ አርኤንኤ በደንብ አይተረጎምም፣ ብዙም አይቆይም። እንግዲህ ስማግ በአንድ እጁ ይዘጋል፣ በሌላው ወደ ጥፋት ይገፋል። ሁለቱን ለመለየት ምን ያህል እንደደከምን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ ግን ናኖስ ራሱ አፋኝ መሆኑ ነው። ፑሚሊዮ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ ሀንችባክ የሚባለውን አርኤንኤ ከኋላ በኩል ዝም ያሰኘዋል። ከፊት ስማግ ናኖስን ያፍናል፣ ከኋላ ናኖስ ሀንችባክን ያፍናል፤ የዝንቧ ሆድና ጭንቅላት ቦታቸውን የሚያገኙት እንዲህ ነው።

ልናደርግ ያሰብነው

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከተጣሉ ከሁለት ሰዓት ያልበለጣቸውን ፅንሶች ሰብስቦ መጨፍለቅ፣ በሴንትሪፉጅ ማዞር፣ ላይ የቀረውን ጭማቂ መውሰድ። ጭማቂው ውስጥ ራይቦሶሙም ስማግም ካፑም አለ። እዚያ ውስጥ እኛ የሠራነውን አርኤንኤ እንጨምራለን። አርኤንኤው ከፊት የሉሲፈሬዝን መመሪያ የያዘ ነው፤ ሉሲፈሬዝ ከሚያበራ ጢንዚዛ የተገኘ ኢንዛይም ነው፣ ሲመረት ብርሃን ይሰጣል። ከኋላ ደግሞ የናኖስ ቁራጭ ከነሁለት መታጠፊያው ተቀጥሎበታል።

ሁለት ዓይነት ቱቦ ነበረን። አንዱ ውስጥ ያለው አርኤንኤ መታጠፊያዎቹ ጤነኛ ናቸው። ሌላው ውስጥ ያለው ፊደል በፊደል ያው ሆኖ፣ በየመታጠፊያው አናት ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተቀይራለች። ያቺ ፊደል ከተቀየረች ስማግ መያዝ አይችልም። በሁለቱም ቱቦዎች ውስጥ ለማመሳከሪያ ሬኒላ የሚባል ሌላ ብርሃን ሰጪ የሚያመርት፣ መታጠፊያ የሌለው አርኤንኤ ጨመርን፤ በፒፔት ስንቀዳ ትንሽ ከተሳሳትን እንዲታወቅ ነው። ስማግ ከሠራ አንደኛው ቱቦ ይጨልማል፣ ሁለተኛው ይበራል።

ችግሩ

ሁለቱም እኩል በሩ።

ደገመችው። እኩል። አርኤንኤውን አዲስ ሠርታ ደገመችው። እኩል። ስድስተኛው ዙር ላይ ውጤቱን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና «ስማግ በዚህ ቱቦ ውስጥ የለም ማለት ነው» አለች። ጭማቂውን በጸረ-አካል ፈተሽነው። ስማግ አለ፣ ያውም ደህና አድርጎ። የነገሩ ክብደት የገባን ያኔ ነው። ፕሮቲኑ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

የሞከርነውና ያልሠራው

መጀመሪያ ኃላፊያችን የብርሃኑ መጠን ዝቅተኛ ነው፣ ልዩነቱ በንባብ ስህተት ተውጦ ይሆናል አሉ። አርኤንኤውን እንጨምር ተባለ። ጨመርነው። ብርሃኑ ደመቀ፣ ንባቡ ንጹሕ ሆነ፣ ልዩነቱ ግን ከበፊቱም ጠፋ። ዛሬ ሳስበው ግልጽ ነው። በቱቦው ያለው ስማግ የተወሰነ ነው። ከስማጉ በላይ አርኤንኤ ካፈሰስክበት የተረፈው ሁሉ ነፃ ነው፣ የሚያበራውም ያ የተረፈው ነው። ምልክቱን ለማጉላት ያደረግነው ነገር ልናየው የፈለግነውን ሸፈነብን።

ቀጥሎ ጭማቂውን ጠረጠርን። አንዳንዱ ጭማቂ ትንሽ የመታፈን ምልክት ያሳያል፣ ሌላው ምንም። ይህን የፈታልን ማንም ያልጠየቃቸው ሰው ናቸው። ዝንቦቹን የሚንከባከቡ አንጋፋ ቴክኒሻን አሉን። ተማሪዋ እንቁላል ስትሰበስብ አይተው «ልጄ፣ ይሄ እንቁላል እኮ አዲስ አይደለም» አሏት። እሷ ሰዓቱን መዝግባለች፣ ሳህኑ ቤታቸው ውስጥ የቆየው ልክ ሁለት ሰዓት ነው። እሳቸው ግን ማጉያው ስር አስቀመጡላት። በረኪናው ውጫዊውን ቅርፊት ካነሳው በኋላ ለጋ ፅንስ ልሙጥ ነው፣ ውስጡ ወጥ ሆኖ ይታያል። ከሳህኑ ላይ ግን በሆዱ በኩል የታጠፈ፣ አንዳንዱም የክፍልፋይ መስመር ያወጣ አለ። እነዚህ የሁለት ሰዓት ፅንሶች አይደሉም፤ በጣም ያለፋቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ዝንብ የሚመቻት የመጣያ ቦታ ካጣች የዳበረውን እንቁላል ሆዷ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። እንቁላሉ እዚያው ያድጋል። አዲስ ሳህን ሲገባላት መጀመሪያ የምትጥለው ያንን የቆየውን ነው። የስማግ ፕሮቲን ደግሞ እንቁላሉ ከነቃ (ከኦቫሪ፣ ማለትም ከእናትየው የእንቁላል ማምረቻ፣ ወጥቶ ለእድገት ከተነሳ) በኋላ ይመረትና ሦስተኛው ሰዓት አካባቢ ይጠፋል። የቆየ ፅንስ በተቀላቀለ ቁጥር ጭማቂው ይሳሳል። መድኃኒቱ አንድ ሳህን ለአንድ ሰዓት አስገብቶ መጣል ነው፤ ከዚያ በኋላ በሚገባው ሳህን ላይ የሚገኘውን ብቻ መውሰድ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭማቂዎቹ እርስ በርስ ተቀራረቡ። በእውነት ትልቅ እርምጃ ነበር። ዋናውን ችግር ግን አልፈታውም፤ ሁለቱ ቱቦዎች አሁንም ከሞላ ጎደል እኩል ነበሩ።

የጨው መጠን ቀየርን፣ ሙቀት ቀየርን። ስለነዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ አልጠቀሙም።

የሠራው

ተማሪዋ ሌሎች በተመሳሳይ ጭማቂ የሠሩትን ደግማ ማንበብ ጀመረች። ውጤታቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሷ ያነበበችው ግን አሠራራቸውን ነው፤ ስንት ደቂቃ፣ ምን ቀድሞ ገባ፣ ምን ተከተለ የሚለውን። 2006 እና 2011 ላይ በወጡ ሥራዎች ስለ ናኖስ በግልጽ የተጻፈ ነገር አለ፦ በስማግ የሚሠራው የማፈኛ ስብስብ ጊዜ ይፈልጋል፣ ኤቲፒም (ሴል ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ይፈልጋል፣ አንዴ ከተገነባ ደግሞ እጅግ ጽኑ ነው።

እኛ ምን ስናደርግ ነበር? ከሌላ ሥራ የወረስነው አሠራር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ጭማቂ፣ አርኤንኤ፣ አሚኖ አሲድ፣ ኃይል ሰጪ፣ ሁሉም በዜሮ ደቂቃ። ለተራ ትርጎማ ይህ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን ስማግ ጓደኞቹን ሰብስቦ መቆለፊያውን ሳይገጥም ራይቦሶሙ ቀድሞ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። በሩ ክፍት እያለ ገብተው ጨርሰዋል፤ ቁልፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የምናነበው ብርሃን ያን ጊዜ የተጠራቀመው ነው።

ስለዚህ አርኤንኤውን ከጭማቂው ጋር ቀድሞ ማቆየት። ተማሪዋ የመጀመሪያውን የማቆያ ሙከራ አደረገች፣ አልሠራም። ይህ ቦታ ላይ ልቆይ፤ ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በማቆያው ጊዜ ትርጎማ እንዳይጀመር ብለን አሚኖ አሲዱንም ኃይል ሰጪውንም አስቀርተን ነበር። ምክንያታዊ ይመስላል። ውጤቱን አይቼ «ጊዜ አይደለም ችግሩ፣ ሌላ እንፈልግ» ያልኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛውን ሐሳብ ሊሠራ በማይችልበት ሁኔታ ፈትነን ልንጥለው ነበር። መቆለፊያው የሚገነባው በኤቲፒ ነው፤ ኤቲፒ ከልክለን ጊዜ ብቻ ሰጠነው። በጭማቂው ውስጥ ያለው ኤቲፒ ደግሞ ወዲያው ያልቃል፤ ክሬአቲን ፎስፌት እና ክሬአቲን ካይኔዝ ጨምሮ ያለማቋረጥ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።

እሷ ግን አልተቀበለችኝም። «ጊዜ ብቻ ይፈልጋል አይልም፣ ሁለቱንም ነው የሚለው» አለችና ኃይል ሰጪውን ከመጀመሪያው አስገብታ፣ አሚኖ አሲዱን ብቻ አዘግይታ ደገመችው። በማቆያው መጨረሻ ላይም ብርሃኑን ለካች፤ ያለፈቃድ የተተረጎመ ካለ ከኋላው ንባብ ላይ እንዲቀነስ። ጠዋት ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ባለጤነኛው መታጠፊያ ቱቦ ጨልሟል። አንዲት ፊደል የተቀየረችበት ቱቦ እንደ ድሮው ያበራል። ሬኒላው በሁለቱም ውስጥ እኩል ነው፤ ይህ ማለት ጭማቂው አልደከመም፣ የታፈነው ያ አርኤንኤ ብቻ ነው ማለት ነው።

ብርሃን ጠፋ ማለት ትርጎማ ታፈነ ማለት ነው?

ደስታው ገና ሳይበርድ ኃላፊያችን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «አርኤንኤው አለ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብርሃን የሚጠፋው አርኤንኤው እያለ ስላልተነበበ ሊሆን ይችላል። አርኤንኤው ስለጠፋም ሊሆን ይችላል። ስማግ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል። ከየቱቦው አርኤንኤውን አውጥተን ጄል ላይ አስኬድነው። አርኤንኤው አለ፣ አልተበጣጠሰም። ግን ባለጤነኛው መታጠፊያ ትንሽ ወደታች ወርዷል፤ አጥሯል ማለት ነው፣ የኤ ጅራቱ ተቆርጧል። ታዲያ የታፈነው በካፕ ነው ወይስ ጅራቱን ስላጣ?

ለዚህ አዲስ አርኤንኤ ሠራን። የኤ ተከታታዩን ጫፍ ላይ አላደረግነውም፤ ከኋላው ሌላ ቁራጭ ጨመርንበት። ጅራት ቆራጩ የሚጀምረው ከጫፍ ነው፣ ጫፉ ኤ ካልሆነ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። በዚህ አርኤንኤ ላይም መታፈኑ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ጅራት መቁረጡ የራሱ ድርሻ አለው፣ ግን ያለእሱም በሩ ይዘጋል። ይህ ከተጻፈው ጋር የሚስማማ ነው፤ እኛ ጋ በዓይናችን ማየታችን ግን ለተማሪዋ ብዙ ማለት ነበር።

ለሌላም ሥራ የሚጠቅመው

አንድ ፕሮቲን እያለ ሥራው ካልታየ፣ «ሥራውን ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ አግኝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው መኖሩን ብቻ ነበር። ስማግ መኖሩ ስብስቡ መገንባቱን አያሳይም። ይህ ለሌሎች አፋኞችም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ብሩኖ የሚባል ሌላ አፋኝ ኦስካር የሚባለውን ጂን አርኤንኤ ሲያፍንም ከካፕ ጋር ነው፣ አርኤንኤውም ትልልቅ ስብስብ ውስጥ ይታሸጋል። እንዲህ ያለ ነገር በቅጽበት የሚቆም አይመስለኝም።

አዲስ ሐሳብ ስትፈትኑ ሐሳቡ ራሱ የሚጠይቀውን ሁሉ መስጠታችሁን አረጋግጡ። ግማሹን ሰጥታችሁ የመጣው «አይሆንም» መልስ አይደለም። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ወር ልናባክን ነበር።

ያቺ አንዲት ፊደል የተቀየረችበት አርኤንኤ ከመጀመሪያው ባትኖር ኖሮ ሁሉንም ነገር እንጠራጠር ነበር። ጨርሶ መታጠፊያ ከሌለው አርኤንኤ ጋር ብናወዳድር ርዝመቱም ይለያያል፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም። ማወዳደሪያችሁ በተቻለ መጠን ከተመርማሪው ጋር መንትያ ይሁን። የፕሮቲን መቀነስ ስትለኩ ደግሞ አርኤንኤውን በዚያው ቀን፣ ከዚያው ቱቦ ለኩ። ዝንቦቹን የሚያውቁትን ሰው ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሳቸው አምስት ደቂቃ ማጉያ ስር ያዩት እኛ በሳምንታት ያላየነውን ነው።

መጨረሻ ላይ የመጣው ሙከራ

ተማሪዋ ለመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ነገር ጨመረች። ጤነኛ መታጠፊያ ያለው አጭር አርኤንኤ ሠራች፤ ሉሲፈሬዝ የለውም፣ ሥራው ስማግን ማማለል ብቻ ነው። አንዱ ቱቦ ውስጥ ማቆያው ሳይጀመር በብዛት ጨመረችው። ስማጉ ወደ ማማለያው ሄደ፣ ሉሲፈሬዙ በራ። ሌላው ቱቦ ውስጥ ያንኑ ማማለያ በዚያው መጠን የጨመረችው ከማቆያው በኋላ ነው። ምንም አልተለወጠም። ቱቦው ጨለማ ነው። ስብስቡ አንዴ ከተገነባ ማማለያው ሊያፈርሰው አልቻለም።

ይህ ወደ ፅንሱ መለሰን። የኋላ ጫፍ ላይ ናኖስ የሚተረጎመው ኦስካር የሚባለው ፕሮቲን ስማግን ከመታጠፊያው ስለሚከለክለው ነው። ግን መቆለፊያው አንዴ ከተገጠመ እንዲህ የሚጸና ከሆነ ኦስካር እንዴት ያሸንፋል? ተማሪዋ በቀናት መዝገብ የምትይዘውን ሰንጠረዥ አወጣች። ኦስካር ፕሮቲን የኋላ ጫፍ ላይ የሚሰፍረው እንቁላሉ ገና እናትየው ኦቫሪ ውስጥ እየተሠራ እያለ ነው። ስማግ የሚመረተው እንቁላሉ ከነቃ በኋላ ነው። ኦስካር የተገጠመ ቁልፍ መስበር ላያስፈልገው ይችላል፤ ስማግ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ቦታው ላይ አለ።